ኦይል ሲሉ ተቀይሮም ካምቢዮው ለምን ያፈሳል?

ማንዋል መኪና የሚነዱ ሰዎችን ጋራዥ ከሚያመላልሱ ነገሮች አንዱ ይኼ ነው፦ መኪናው ያደረበት ቦታ ላይ፣ ወደ አንዱ የፊት ጎማ ጠጋ ብሎ፣ የዘይት እድፍ ይታያል። መካኒኩ ጎንበስ ብሎ ያይና «የአክስል ኦይል ሲል ነው፣ ቀላል ነው» ይላል። ውሸቱን አይደለም። ይቀየራል፣ ሒሳብ ይከፈላል፣ መኪናው ይወጣል። ከሁለት ወር በኋላ ያው እድፍ እዚያው ቦታ ላይ ተመልሶ ይመጣል። ባለመኪናው መካኒኩን ይወቅሳል፤ መካኒኩ መለዋወጫ ሻጩን፤ ሻጩ ደግሞ ፋብሪካውን። ሦስቱም ጋ ትንሽ ትንሽ እውነት ሊኖር ይችላል። ብዙ ጊዜ ግን ከሦስቱ አንዱም ያልጠየቀው ጥያቄ አለ፦ የድሮው ሲል ለምን ተበላ?

ይኼን ጥያቄ ያልመለሰ ጥገና ቀለበት መቀየር ብቻ ነው። ቀለበቱ ደግሞ ከሥራው ሁሉ ርካሹ ነው። ውዱ የሚጠብቀው ነገር ነው፣ ካምቢዮው። በ2016 ዓ.ም. መንግሥት በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ ከወሰነ ወዲህ ነገሩ ይበልጥ ከበድ ብሏል። እጃችሁ ላይ ያለችው ኮሮላ፣ ቪትዝ ወይም ዲዛየር ገና ብዙ ዓመት ልትሠራላችሁ ይገባል። በማንዋል መኪና ራይድ ለሚሠራ ወጣት ደግሞ ካምቢዮ ወረደ ማለት እስኪመለስ ድረስ ገቢ የለም ማለት ነው። የዕለት ገቢ የሚጠብቀው ባለመኪናም፣ ቤት ያለችው እናትም ይኼ አይገባቸውም።

የአንድ ቀለበት ሥራ

የፊት ጎማን በሚያዞሩ ማንዋል መኪኖች ላይ ካምቢዮውና ዲፈረንሻሉ በአንድ ቤት ውስጥ ነው ያሉት፤ የሚጠጡትም አንድ ዘይት ነው። ከዚያ ቤት በግራና በቀኝ ሁለት አክስሎች ወጥተው ወደ ጎማዎቹ ይሄዳሉ። አክስሉ በሚወጣበት ቀዳዳ ላይ ዘይቱ አብሮ እንዳይወጣ የሚከለክለው ነው ኦይል ሲል የምንለው። ውጪው የብረት ቀለበት፣ ውስጡ ጎማ ነው፤ ጎማው ቀጭን ከንፈር አለው፤ ከንፈሩን ወደ አክስሉ ጠበቅ አድርጋ የምትይዝ የፀጉር ያህል የቀጠነች ጥቅል ሽቦ ከጀርባው ተጠምጥማለች። አክስሉ በሚዞርበት ጊዜ ሁሉ ይኼ ከንፈር እየተነካካ ይውላል። ዘይት ካለው ዓመታት ይቆያል። ከደረቀ፣ ከተቧጠጠ ወይም አክስሉ ከመሀል ወጥቶ ከዋለለ ያልቃል።

የሞተር ዘይት ሲጎድል ዳሽቦርድ ላይ ቀይ መብራት ይበራል፤ መለኪያ ዘንግም አለው። ማንዋል ካምቢዮ ግን በአብዛኛው መብራትም መለኪያ ዘንግም የለውም። የሚይዘው ዘይት ደግሞ ትንሽ ነው። ለምሳሌ በብዙ የቆዩ ኮሮላዎች ላይ የተገጠመው ሲ50 የሚባለው ባለ አምስት ማርሽ ካምቢዮ የሚይዘው 1.9 ሊትር ገደማ ነው። ከዚያ ላይ አንድ ሊትር ቢፈስ ግማሹ ሄደ ማለት ነው፤ መኪናው ግን ምንም ሳይል ይሄዳል። ከተማ ውስጥ፣ ትራፊክ ላይ፣ በአንደኛና በሁለተኛ ማርሽ ስትንፏቀቁ ላይታወቃችሁም ይችላል። አንድ ቅዳሜ ጓደኞቻችሁን ጭናችሁ በፍጥነት መንገዱ ወደ አዳማ ስትወርዱ ነው ጉዱ የሚመጣው። እንደ ሲ50 ባሉ ብዙ ካምቢዮዎች ላይ አምስተኛ ማርሽ ያለው ከሌሎቹ ተነጥሎ በካምቢዮው ጫፍ ላይ ነው። ዘይቱ ሲያንስ መጀመሪያ የሚደርቀው እሱና በአካባቢው ያለው ኩሽኔታ ነው። እናንተ ደግሞ ያን መንገድ ከዳር እስከ ዳር የምትነዱት በአምስተኛ ነው።

መጀመሪያ፣ የሚፈሰው ምንድን ነው?

ከመኪና ሥር ያለ ፈሳሽ ሁሉ የካምቢዮ ዘይት አይደለም። ሳይለዩ ወደ ሥራ መግባት ላም ባልዋለበት ኩበት ለቀማ ነው፤ የሞተር ኦይል ሲል እያፈሰሰ የአክስል ሲል የተቀየረላቸው መኪኖች ብዙ ናቸው።

ማታ ስታቆሙ ከሥር ነጭ ወይም ቡኒ ካርቶን ዘርጉ። ጠዋት ጠብታው ያለበትን ቦታ ከጎማው ጋር አድርጋችሁ ፎቶ አንሱ። ከዚያ በጣታችሁ ነካ አድርጋችሁ አሽቱት። የካምቢዮ ዘይት ውስጥ የድኝ ውሁድ ስላለበት ሽታው ከባድ ነው፤ አንዴ ያሸተተው ሰው ሁለተኛ አይስተውም። የሞተር ዘይት የጠቆረና የተቃጠለ ነገር የሚሸት ነው። የፍሬን ዘይት ቀጭን ነው፤ እንደ ውሃ ይፈሳል፤ እሱ ከሆነ ስለ ካምቢዮ ማሰቡን ትታችሁ መኪናውን አታንቀሳቅሱ። ወፍራምና ጥቁር ሆኖ ጎማው ውስጥና የሞተር ክፍሉ ግድግዳ ላይ ክብ እየሠራ የተረጨ ከሆነ ደግሞ ግሪስ ነው፤ የአክስሉ መገጣጠሚያ የሚለብሰው ጎማ ተቀዷል ማለት ነው። እሱ ሌላ ሥራ ነው፤ የሚጠይቀውም ሌላ ዕቃ ነው። (አንዳንድ ማንዋል ካምቢዮዎች ቀላ ያለ ቀጭን ዘይት እንደሚጠጡም አትርሱ፤ ሽታው ያን ያህል ላይከብድ ይችላል።)

ቀጥሎ ቦታው ነው። ዘይት ወደ ታች ይወርዳል፤ መኪናው ሲሄድ ደግሞ ነፋስ ወደ ኋላ ይገፋዋል። ስለዚህ ጠብታው የወደቀበት ቦታ ምንጩ ላይሆን ይችላል። የስልካችሁን መብራት አብርታችሁ ጎማውን ወደ አንድ ጎን አጠማዝዛችሁ ተመልከቱ። የምትፈልጉት አክስሉ ካምቢዮው ውስጥ የሚገባበትን ቦታ ነው። ከዚያ በላይ ያለው ደረቅ ሆኖ ከዚያ በታች ያለው ሁሉ ረጥቦ ካገኛችሁት፣ ሲሉ ነው። ሞተሩና ካምቢዮው የሚጋጠሙበት መሀል ላይ ከሆነ ግን ከፍሪሲዮኑ በኩል ያለ ሌላ ሲል ነው፤ እሱን ለመቀየር ካምቢዮው መውረድ አለበት፤ ዋጋውም ጊዜውም ሌላ ነው። ሁሉም ነገር ጭቃና ዘይት ተለውሶበት ምንም የማይለይ ከሆነ ሠፈር ያለው ላቫጆ ሄዳችሁ ከሥር አሳጥቡትና ሁለት ሦስት ቀን ነድታችሁ እንደገና እዩ። ብቻ አጣቢው በኃይለኛ ውሃ ቀጥታ ሲሉን እንዳይመታው ንገሩት፤ ውሃና አሸዋ ከንፈሩ ሥር ከገባ ያልነበረ ማፍሰስ ሊጀምር ይችላል።

ላብ ብቻ ከሆነ፣ ማለትም ዙሪያው እርጥብ ሆኖ ነገር ግን ጠብ የማይል ከሆነ፣ ዛሬውኑ አትሩጡ። ፎቶ አንስታችሁ በየሁለት ሳምንቱ አወዳድሩ። ጠብታው ካርቶን ላይ መታየት ከጀመረ ግን ቀጠሮ ያዙ፣ ከዚያ በፊት ደግሞ የዘይቱን ልክ አስለኩ። መለኪያው ቀላል ነው። መኪናው ሜዳ ቦታ ላይ ይቆማል፣ ሞተሩ ይጠፋል፣ በካምቢዮው ጎን ያለው የመሙያ ብሎን ይፈታል፤ ዘይቱ ከቀዳዳው ታችኛው ከንፈር ጋር እኩል ወይም ጥቂት ሚሊሜትር ዝቅ ብሎ መገኘት አለበት። ጣት አስገብታችሁ ካልነካችሁት ጎድሏል። ሁልጊዜ ከማፍሰሻው በፊት የመሙያው ብሎን ነው የሚፈታው። ዘይቱ ከፈሰሰ በኋላ መሙያው አልፈታ ቢል ዘይት አልባ ካምቢዮ ታቅፋችሁ ትቀራላችሁ።

ጉዳቱ ቀድሞ ደርሶ እንደሆነ የሚጠቁም ነገርም አለ። ሞተሩን አስነሡና ማርሹን ፎሌ ላይ አድርጉ፣ እግራችሁን ከፍሪሲዮን አንሡ። የሚያጉረመርም ድምፅ ካለና ፍሪሲዮን ስትረግጡ የሚጠፋ ከሆነ ካምቢዮው ውስጥ ያለ ኩሽኔታ ሳይሆን አይቀርም። እዚህ ደረጃ ከተደረሰ ሲል መቀየሩ ብቻውን አያድንም። ድምፁን በስልክ ቀድታችሁ ለመካኒካችሁ በቴሌግራም መላክ ትችላላችሁ፤ «አንድ ነገር ይጮኻል» ብሎ በቃል ከመግለጽ ይሻላል።

ለምን ተበላ?

አሁን ዋናው ነገር ላይ ደረስን። ሲል በዕድሜ ብቻ ሊያልቅ ይችላል፤ ጎማ ነውና ከዓመታት ሙቀት በኋላ ይደርቃል፣ ከንፈሩ እንደ ፕላስቲክ ይሆናል። 15 እና 20 ዓመት በሠራ መኪና ላይ የመጀመሪያው ሲል ቢያፈስ አይገርምም። በቅርቡ የተቀየረ ሲል ሲያፈስ ግን ከሚከተሉት አንዱ እንዳለ ጠርጥሩ።

ብዙ ሰው የማያውቀውን ላስቀድም፦ መተንፈሻው። ካምቢዮ ሲሠራ ይሞቃል፤ ውስጡ ያለው አየር ይሰፋል። ያ አየር እንዲወጣ በካምቢዮው አናት ላይ ትንሽ ኮፍያ ያላት መተንፈሻ ወይም ቀጭን ቱቦ አለ። በክረምት ጭቃ፣ በበጋ አቧራ በሚነዳ መኪና ላይ ይቺ ቀዳዳ ትደፈናለች። ስትደፈን አየሩ በየት ይውጣ? በደካማው ቦታ፣ በሲሉ በኩል። ዘይቱንም ይዞ ይወጣል። በዚህ ሁኔታ ላይ አዲስ ሲል ብትገጥሙ አዲሱም ያፈሳል፤ ከዓለም ምርጡን ዕቃ ብታመጡም ያው ነው። መተንፈሻውን ማጽዳት ግን አንድ ጨርቅና አምስት ደቂቃ ነው የሚፈልገው። እኔ ብጠየቅ ሲል ከማስቀየር በፊት መተንፈሻውን ያላየ ጋራዥ ሥራውን ጀመረ አልልም።

የተደፈነ መተንፈሻ ሌላም ጣጣ አለው። በክረምት ውሃ የሞላ መንገድ ውስጥ የጋለ ካምቢዮ ድንገት ሲገባ ውስጡ ያለው አየር ይቀዘቅዝና ይኮማተራል። አየር የሚስብበት ካጣ በተበላው ሲል በኩል ውሃ ይስባል። ከዚያ ዘይቱ ሲፈስ ወተት የተጨመረበት ቡና መስሎ ይወጣል። እንዲህ ከሆነ ዘይቱ መጨመር ሳይሆን ሙሉ በሙሉ መቀየር አለበት፤ አንዳንዴም ጥቂት ከተነዳ በኋላ ድጋሚ።

ሁለተኛው፣ አክስሉ ራሱ ነው። የሲሉ ከንፈር ለዓመታት አንድ መስመር ላይ ሲዞር ብረቱን ይበላዋል። ይገርማል አይደል? ጎማ ብረትን ይበላል። ብረቱን በእውነት የሚፍቀው ከንፈሩ ሥር የሚገባው አቧራ ነው። አክስሉ ሲወጣ ሲሉ የሚያርፍበትን ቦታ ጠርጋችሁ ጥፍራችሁን አሳልፉበት። ጥፍር የሚይዝ ቦይ ካለ አዲሱ ሲል እዚያው ቦይ ላይ ሲያርፍ አይከድነውም። መፍትሔው አዲሱን ሲል አንድ ሁለት ሚሊሜትር አውጥቶ ወይም አስገብቶ ከንፈሩ ያልተበላ ብረት ላይ እንዲያርፍ ማድረግ ነው፤ ይኼ የሚሆነው ቦታው ከፈቀደ ብቻ ነው። ካልፈቀደ በቦዩ ላይ የሚለብስ ቀጭን የብረት እጀታ ማልበስ ወይም የአክስሉን የውስጥ መገጣጠሚያ መቀየር ግድ ይሆናል። ብረቱን በሸካራ ወረቀት ፈግፍጎ መልሶ መክተት ግን አዲሱን ከንፈር በወር ውስጥ ይጨርሰዋል።

ሦስተኛው መዋለል ነው። ጎማው ከመሬት ተነሥቶ በካምቢዮው በኩል ያለውን የአክስሉን ጫፍ ይዛችሁ ወደ ላይና ወደ ታች ነቅንቁት። ትንሽ ንቅናቄ በብዙ መኪና ላይ ያለ ነው። ቋ ቋ እያለ የሚንቀጠቀጥ ከሆነ ግን የዲፈረንሻሉ ኩሽኔታ አልቋል። እንዲህ ላለው አክስል ሲል መቀየር ለሚያፈስ ጣሪያ ሥር ባልዲ እንደማስቀመጥ ነው፤ ጊዜ ይሰጣችኋል፣ መፍትሔ ግን አይደለም። ጊዜ መግዛትም ሲያስፈልግ ሐሳብ ነው፤ ብር እስኪሞላ ድረስ ብላችሁ አውቃችሁ ብታደርጉት ማንም አይፈርድባችሁም። «አለቀ፣ ተሠራ» ተብላችሁ ከሆነ ግን ተታላችኋል።

አራተኛው፣ ዘይት ከልክ በላይ መሙላት። «ስለሚያፈስ ትንሽ ጨምሬበታለሁ» የሚል ደግ መካኒክ አለ። ከልክ በላይ የተሞላ ካምቢዮ ዘይቱ አረፋ ይሠራል፣ ይሞቃል፣ ግፊቱም ይጨምራል። ከቀዳዳው ልክ በላይ ያለው ሁሉ ትርፍ ሳይሆን ጉዳት ነው።

የቀረው አገጣጠሙ ነው፤ እሱ ሰፋ ያለ ቦታ ይፈልጋል።

ሲሰራ ቆማችሁ እዩ

ወጣት ባለመኪና ጋራዥ ሲገባ መካኒኩ በዕድሜ ይበልጠው ይሆናል፤ «ጋሼ፣ እኔ ልይ?» ማለት ነውር አይደለም። የሚያውቅ ሰው ሥራውን ሲያዩበት አይከፋውም። እንዲያውም ሥራው ከመጀመሩ በፊት «ጋሼ፣ መተንፈሻውን አብረን እንየው? አክስሉ ሲወጣ ደግሞ ቦይ እንዳለው ያሳዩኝ» ብትሉት ምን ዓይነት ደንበኛ እንደመጣ ይገባዋል።

ዕቃ ለመግዛት ሶማሌ ተራ ከመሄዳችሁ በፊት ሁለት ፎቶ ይኑራችሁ። አንዱ የድሮው ሲል ፊት ላይ የተጻፈው ቁጥር ነው፤ ብዙ ጊዜ ሦስት ቁጥሮች በተከታታይ አሉ፦ የውስጥ ስፋት፣ የውጪ ስፋትና ውፍረት፣ በሚሊሜትር። ሁለተኛው የካምቢዮው ዓይነት ነው። ቶዮታ ላይ ሞተር ክፍል ውስጥ የተለጠፈችው የብረት ሰሌዳ ላይ «ትራንስ/አክስል» ከሚለው ጎን ተጽፎ ታገኙታላችሁ። «የኮሮላ ሲል ስጠኝ» ብሎ መግዛት በዓይን ገምቶ ጫማ እንደመግዛት ነው። የግራና የቀኝ ሲል የሚለያይባቸው መኪኖች ብዙ ናቸው፤ አንዳንዶቹ ላይ የማዞሪያው አቅጣጫ በቀስት ምልክት ተደርጎበታል፤ ተገላብጦ ከገባ ዘይቱን ወደ ውስጥ በመመለስ ፋንታ ወደ ውጪ ይገፋዋል። ልኩ ትክክል ቢሆንም ማለት ነው። ያገለገለ ሲል ደግሞ በነፃ ቢሰጧችሁም አትውሰዱ።

ዩቲዩብ ላይ ጥሩ ጥሩ ቪዲዮዎች አሉ፤ ስታዩ ግን የእናንተው ካምቢዮ ዓይነት መሆኑን አረጋግጡ። አንዳንዱ አክስል ተስቦ ይወጣል፣ አንዳንዱ በብሎኖች የታሰረ ነው፣ ሌላው መጀመሪያ ሌላ ነገር ይፈታለታል።

ሥራው በጥቅሉ ይኼን ይመስላል። ዘይቱ ይፈሳል። የአክስሉ ዳዶ ጎማው መሬት ላይ እያለ ይላላል፤ ከዚያ መኪናው በክሪክ ይነሣና ጠንካራ መደገፊያ ላይ ይቀመጣል። በክሪክ ብቻ የተንጠለጠለ መኪና ሥር ማንም ሰው እንዲገባ አትፍቀዱ፤ ቸርኬ ከሥር መወርወርም መደገፊያ አይሆንም። ጎማው ይወልቃል፣ የጎማው ማቀፊያ ከታችኛው መጋጠሚያ ይለያል፣ አክስሉ ከካምቢዮው ይወጣል። እዚህ ጋ አንድ ነገር ተመልከቱ፦ አክስሉን ከመሀሉ ይዞ መጎተት የውስጡን መገጣጠሚያ ያናጋዋል። በካምቢዮውና በመገጣጠሚያው መካከል ብረት አስገብቶ ቀስ ብሎ ፈንቅሎ ማውጣት ነው ትክክሉ።

የድሮው ሲል ከመውጣቱ በፊት ምን ያህል ገባ ብሎ እንደተቀመጠ በቅርብ ፎቶ አንሡ። ሲወጣ ካቻቢቴ የካምቢዮውን ቤት እንዳይቧጥጠው ዓይናችሁን አትንቀሉ፤ ቤቱ አልሙኒየም ነው፣ አንድ ጥልቅ ጭረት ለዘላለም የሚያፈስ መንገድ ይሆናል። ቦታው ይጠረጋል። አዲሱ ሲል ከንፈሩ ላይ የካምቢዮ ዘይት ወይም ግሪስ ይቀባል፤ በደረቁ ከገባ የመጀመሪያዎቹ ኪሎ ሜትሮች ያቃጥሉታል። ከዚያ የሚገባው በመዶሻ ጫፍ አንድ አንድ ጎኑን እየተመታ ሳይሆን የሲሉን የውጪ ክብ በሚያክል ቱቦ ወይም ትልቅ ቡሽ ዙሪያውን እኩል ተገፍቶ ነው። የመጀመሪያ ምት ሲያዘነብል ካያችሁ «ቆይ ጋሼ» ለማለት ጊዜው ያኔ ነው። የተጣመመ ሲል ከገባ በኋላ ቀጥ አይልም።

ብዙ አዲስ ሲል የሚሞተው በመጨረሻዋ ደቂቃ ነው። አክስሉ ሲመለስ ጫፉ ላይ ያሉት ጥርሶች ስለት ናቸው። ከባዱ አክስል በከንፈሩ ላይ ተንተርሶ ከገባ ጥርሶቹ ጎማውን ይቆርጡታል፤ ዓይን ላይ የማይታይ ቁራጭ በቂ ነው። ስለዚህ አክስሉን ሁለት ሰው መያዝ አለበት፤ አንዱ ክብደቱን ይሸከማል፣ ሌላው መሀሉን አስተካክሎ ይገፋል። እናንተ እዚያ ከቆማችሁ ሁለተኛው ሰው መሆን ትችላላችሁ። ጫፉ ላይ ያለችው የብረት ቀለበት ቀጨም ብላ ቦታዋን ስትይዝ ይሰማል። በመጨረሻ ዳዶው በልኩ ይጠብቃል፣ መቆለፊያዋም በአዲስ ትተካለች።

ዘይቱን በተመለከተ አጭር ነገር፦ መጽሐፉ የሚለውን ዓይነትና ውፍረት ግዙ። ለሲ50 ካምቢዮ 75ደብልዩ-90 ነው፤ ጂኤል-4 ወይም ጂኤል-5። ሌሎች መኪኖች ግን ጂኤል-4 ብቻ የሚሉ አሉ፤ ምክንያቱም ማርሽ በሚያጣጥሙት የነሐስ ቀለበቶች ላይ የአንዳንድ ጂኤል-5 ዘይት ቅመም ጥሩ ላይሆን ይችላል። «ዘይት ዘይት ነው» የሚላችሁን ሰው ምሳ ጋብዙት እንጂ ካምቢዮ አታስነኩት።

ሁለቱንም ጎን ልቀይር ወይ ብላችሁ የምትጠይቁ ትኖራላችሁ። ዘይቱ አንዴ ከፈሰሰና ሁለቱም ሲሎች እኩል ዕድሜ ካላቸው አዎ፣ ቀይሩ። ደረቅ የሆነውና በቅርቡ የተቀየረው ሲል ግን አይነካ፤ አክስል ያለ ምክንያት ባወጣችሁ ቁጥር አዲስ አደጋ ትጋብዛላችሁ።

ሲል የሚያብጡ ቅመሞች በጠርሙስ ይሸጣሉ፤ ጎማውን ለጊዜው ያለሰልሳሉ፣ ያሳብጣሉ። የደረቀ ሲል ላይ ለጥቂት ሳምንት ሊረዱ ይችላሉ፤ ለተቆረጠ ከንፈር፣ ለቦይ ወይም ለተደፈነ መተንፈሻ ምንም አያደርጉም። ከውጪ ሲሊኮን መቀባትም እንዲሁ። ሽቦዋን አሳጥሮ ከንፈሩን ማጥበቅ የሚባል የድሮ ብልሃትም አለ፤ ለጥቂት ቀን ይደርቃል፣ ከዚያ አክስሉ ላይ ያን ቦይ በፍጥነት ይቆፍራል።

የኋላ ጎማ ለሚያዞሩት

እስካሁን ያወራነው የፊት ጎማ ስለሚያዞሩ መኪኖች ነው፤ እዚያ ኪሳራው የገንዘብ ነው። እንደ ላዳ፣ እንደ ድሮው ኮሮላ ዲኤክስ፣ እንደ ብዙ ሚኒባስና ፒክአፖች የኋላ ጎማ በሚያዞሩት ላይ ግን የአክስል ሲል ማፍሰስ የሕይወት ጉዳይ ነው። እዚያ አክስሉ ከዲፈረንሻሉ ወጥቶ በብረት ቱቦ ውስጥ እስከ ጎማው ድረስ ይሄዳል፤ የጫፉ ሲል ያለው ከፍሬኑ አጠገብ ነው። ሲሉ ሲበላ ዘይቱ መሬት ላይ ሳይሆን የፍሬን ሸራው ላይ ነው የሚሄደው። ካርቶን ላይ ላታዩት ትችላላችሁ።

ምልክቱ ሌላ ነው። ፍሬን ስትይዙ መኪናው ወደ አንድ ጎን ይጎትታል፤ የእጅ ፍሬን ቁልቁለት ላይ መያዝ ያቅተዋል፤ ከኋላ ጎማ ውስጠኛ ፊት ላይ አቧራ የያዘ የቅባት ዱካ ይወርዳል። ከሁለቱ የኋላ ጎማዎች አንዱ ብቻ ቸርኬው በቅባት ከጠቆረ ይኼን አስቡ። ሰው የጫነ ሚኒባስ ቁልቁለት ላይ በአንድ ጎን ፍሬን ብቻ ሲቀር ምን እንደሚሆን መግለጽ አያስፈልግም።

እዚህም ያው ነው፤ የኋላ ዲፈረንሻሉም መተንፈሻ አለው፣ እሱም ይደፈናል፣ መጀመሪያ እሱ ይታይ። ኩሽኔታውም ይፈተሽ፤ አክስሉ የሚዋልለው ብዙ ጊዜ በእሱ ነው። ዘይት የጠጣ የፍሬን ሸራ ግን አይድንም። በቤንዚን ታጥቦ፣ በእሳት ተለብልቦ «ደርቋል» ተብሎ የሚመለስ ሸራ አለ፤ ዘይቱ ግን ውስጥ ነው የገባው፣ ፍሬኑ ሲግል ተመልሶ ይወጣል። በቀኝም በግራም ያለው አብሮ ይቀየራል፤ አንዱ አዲስ አንዱ አሮጌ ከሆነ መኪናው ፍሬን ላይ መጎተቱን አይተውም።

(«ኤሌክትሪክ መኪና ገዝቼ ከዚህ ሁሉ ተገላገልኩ» ለሚሉም አንድ ነገር፦ ኤሌክትሪክ መኪናም ሞተሩና ጎማው መሀል ማርሽ የያዘ ትንሽ ቤት አለው፤ ውስጡ ዘይት አለ፣ አክስሉ የሚወጣበት ቦታም ላይ ሲል አለ።)

ከተሠራ በኋላ

ከጋራዥ ስትወጡ የድሮውን ሲል ይዛችሁ ውጡ፤ ከንፈሩ በአንድ በኩል ብቻ የተበላ ከሆነ አክስሉ እንደሚዋልል ይነግራችኋል፣ ዙሪያውን ደርቆ የተሰነጣጠቀ ከሆነ ዕድሜው ነው። የኪሎ ሜትር መቁጠሪያውን ፎቶ አንሡና ሥልካችሁ ማስታወሻ ላይ ቀኑን፣ የሲሉን ቁጥርና የገባውን ዘይት መጠን ጻፉ። የፈሰሰው ዘይት ስንት ሊትር እንደነበር መጠየቅም አትርሱ፤ ከልኩ በጣም አንሶ ከተገኘ ካምቢዮው ለጊዜው ደህና ቢመስልም በፎሌ የሚደረገውን የድምፅ ሙከራ በየወሩ ድገሙት።

የመጀመሪያዎቹን ሁለት ሌሊቶች ካርቶኑን መልሳችሁ ዘርጉ። መጋጠሚያው አካባቢ ቀርቶ የነበረ ዘይት ሊንጠባጠብ ስለሚችል አንድ ጠብታ አያስደንግጣችሁ። ከሦስተኛው ቀን በኋላ ግን ካርቶኑ ደረቅ መሆን አለበት። ሺህ ኪሎ ሜትር ያህል ከነዳችሁ በኋላ የመሙያው ብሎን ይፈታና ልኩ ድጋሚ ይታይ፤ ከቀዳዳው ጋር እኩል ከሆነ ሥራው ተሠርቷል። ጎድሎ ከተገኘ ግን ጥያቄው አሁንም «ለምን?» ነውና ወደዚያው ጋራዥ ፎቶዎቹን ይዛችሁ ተመለሱ፤ መጀመሪያ እንዲያዩላችሁ የምትጠይቁትም መተንፈሻውን ነው።